አሥር ኪሎቮልት

4.

እርሳስ፦ አልተገኘም።

ይህ መስመር ከአንድ የላቦራቶሪ ወረቀት ላይ የተገለበጠ ነው። ወረቀቱ ላይ አራተኛ ስለሆነ እኔም ቁጥሩን አልነካሁበትም። ከግርጌው ማኅተም አለ፤ ከማኅተሙ ጎን ፊርማ አለ፤ ፊርማው የውብዓለም ነው። አሁን ወደ አንድ እንመለስ።

1.

ውብዓለም ቃሊቲ ውስጥ ባለ አንድ የቁሳቁስ ፍተሻ ላቦራቶሪ አሥራ አራት ዓመት ሠርታለች። ብረት ይመጣላታል፣ ሲሚንቶ ይመጣላታል፣ ቀለምና አፈር ይመጣላታል። ቆርጣና አለስልሳ የኤክስሬዩ ማሽን ሆድ ውስጥ ታስገባዋለች። ማሽኑ ጨረር ይለቅበታል። በናሙናው ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር ጨረሩ ሲነካው የራሱን ጨረር መልሶ ይሰጣል፤ መዳብ እንደ መዳብ፣ እርሳስ እንደ እርሳስ። ማሽኑ መልሱን ይቆጥርና ማን እንዳለ፣ ምን ያህል እንዳለ ይናገራል። ከዚህ በላይ ፊዚክስ አልጭንባችሁም፤ አንዲት ነገር ብቻ ትቀራለች፣ እሷም ቀጥላ ትመጣለች።

ስለ ሴትዮዋ ግን ይህን እወቁልኝ። ቸኩላ ፈርማ አታውቅም። አንድ ቀን ለአንድ የሲሚንቶ ናሙና ስትል ሦስት ጊዜ ለክታ፣ ውጤቱን የሚጠብቀው ሾፌር በር ላይ ክላክስ እያስጮኸ፣ አራተኛውን ለክታለች። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ «የውብዓለም ወረቀት ነው» ከተባለ ክርክር ያበቃል። ቤት የላት፣ መኪና የላት፣ ከሁለት ልጆቿና ከዚህ ስም በቀር የምትመካበት ነገር የላትም።

2.

ከውብዓለም ደብተር የተገኘ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ፣ ጋሽ ሉልሰገድ ሲያስተምሯት የጻፈችው ነው።

የማሽኑን ቅንብር ለመምረጥ

ሀ. ናሙናውን ከመንካትሽ በፊት የመጣበትን ደብዳቤ አንብቢ። ምን ፈልጉልን ነው ያሉት?

ለ. ቀላሉን፣ እንደ አልሙኒየም ያለውን ከፈለግሽ ኃይሉን ዝቅ አድርጊ። አሥር ኪሎቮልት ይበቃል። አየሩን ግን ከማሽኑ ሆድ አስመጥጪ፤ የቀላሎቹ መልስ ደካማ ስለሆነ አየር ይውጠዋል።

ሐ. ከባዱን፣ እንደ እርሳስ ያለውን ከፈለግሽ ኃይሉን ከፍ አድርጊ። አርባ ኪሎቮልት። እርሳስ በአሥር አይነቃም። እዚያው ተኝቶ ሳለ የለም ያስብልሻል።

መ. ጊዜ አትሰስቺ። ጥቂት የሆነ ነገር ለመቆጠር ጊዜ ይፈልጋል።

ሠ. የምትፈልጊውን አይተሽ ምረጪ እንጂ የያዝሽውን አይተሽ አትምረጪ።

«ሠ» ላይ ሁለት ጊዜ አስምራበታለች። ያሰመረችበት እስክሪብቶ ቀይ ነው፤ ያኔ ቀይ እስክሪብቶ የነበራቸው እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ከእሳቸው ተውሳ መሆን አለበት።

3.

ጋሽ ሉልሰገድን እንዲሁ አለቃዋ ብዬ ባልፍ ዋሸሁ ማለት ነው። ገና ከኮሌጅ ወጥታ ማሽኑን መንካት ፈርታ ሳለ፣ «አይዞሽ ውብዬ፣ ማሽን አይናከስም» ብለው ያስጀመሯት እሳቸው ናቸው። አባቷ ቀደም ብለው ስለሞቱ፣ ባሏ ሽማግሌ ሲልክ ሽማግሌዎቹን ተቀብለው «ልጃችንን ምን ይዛችሁ ልትወስዱ መጣችሁ?» ብለው ያስጨነቁትም እሳቸው ናቸው። ሁለተኛ ልጇን ስትወልድ በኦፕራሲዮን ነበር፤ ባሏ መስክ ላይ ሳለ ሆስፒታል በር ላይ ሲያድሩ የነበሩትም እሳቸው ናቸው። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሰው ሥራ ማን ደግሞ ይፈትሻል? ታላቅ የነካውን ታናሽ መልሶ ቢለካው ነውር ነው። በዚያ ላቦራቶሪ እንዲህ ብሎ የጻፈ የለም፤ ሁሉም ግን ያውቀዋል።

ሰውን ማመን ቀብሮ ነው ይላሉ። እኔ ይህን አባባል አልወደውም ነበር።

4.

አንብባችሁታል።

5.

ነሐሴ። ሰኞ ጠዋት። ዝናብ።

ሰባት ትምህርት ቤቶችን ሊመግብ የተነሣ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት መቶ ሰማንያ ትልልቅ የአልሙኒየም ድስት አዝዟል። የሚሠራው አሮጌ አልሙኒየም እያቀለጡ ድስት የሚያወጡ የቀላጮች ማኅበር ነው።* ድርጅቱ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀው፦ ድስቶቹ ውስጥ እርሳስ እንደሌለ ላቦራቶሪ ይመስክርልን። እርሳስ ክፉ ነው። አይሸትም፣ አይመርም፤ ቲማቲም ያለበት ወጥ ሲንተከተክበት ከድስቱ እየለቀቀ ይወጣል፣ ሕፃን ሲበላው ጭንቅላቱን ይጎዳዋል።

ውብዓለም ከድስቶቹ የተቆረጡትን፣ ሳንቲም የሚያካክሉትን ስድስት ቁራጮች አሰልፋ ሳለ በሩ ተከፈተ። ጋሽ ሉልሰገድ ናቸው። ጃንጥላ ይዘዋል፤ በወረቀት የተጠቀለለ የተቆላ ሽምብራም ይዘዋል።

«ጋሼ፣ ፈቃድ ላይ አይደሉም እንዴ?»

«ቤት መዋል ሰለቸኝ። ምስር ስለቅም ልዋል? እስቲ ምንድን ነው የያዝሽው?»

«የድስት ናሙና ነው። እርሳስ እንድናይላቸው።»

«አልሙኒየም አይደል? ቀላል ብረት ነው፤ በቀላሉ ቅንብር ለኪው። አሥር አድርጊውና አየሩን አስመጥጪ።»

«አርባ አይሻልም?»

«በአርባማ አልሙኒየሙን በስቶ ያልፍና ከሥር ያለውን መያዣ ነው የሚያነብልሽ። የመያዣውን እርሳስ ለድሆች ድስት ልትሰጪው ነው?»

ሳቀች። ሽምብራውን ቆረጠመች። በፈቃዳቸው ቀን፣ በዚያ ዝናብ፣ እሷን ሊያግዙ መምጣታቸው ልቧን አሞቀው። ይህንንም ኋላ ለራሷ ደጋግማ ተናግራዋለች፤ ያን ዕለት ደስ ብሏት ነበር።

———
* የማኅበሩ ሊቀ መንበር ባዘዘው ይባላል። የጋሽ ሉልሰገድ የክርስትና ልጅ ነው። ውብዓለም ይህን ያወቀችው በኋላ ነው። እናንተን ግን ለምን ላንከራትታችሁ።

6.

ቅንብር

ናሙና፦ የአልሙኒየም ድስት፣ ስድስት ቁራጭ
የተጠየቀው፦ እርሳስ
ኃይል፦ 10 ኪሎቮልት
አየር፦ ተመጧል
ጊዜ፦ 60 ሰከንድ
ውጤት፦ አልተገኘም
ቅንብሩን የመረጠው፦ ውብዓለም

ቁጥር ሁለት ላይ ደብተሯን ያነበበ ሰው እዚህ ላይ ይጮኻል። እኔም ጮኼያለሁ። ደግሞ መያዣው ፕላስቲክ ነው። አሥራ አራት ዓመት በእጇ ያጠበችው ነጭ ፕላስቲክ፤ የእርሳስ ዘር የለበትም። ታዲያ አታውቅም ነበር? ታውቃለች። ዕውቀቷ ግን የመጣው ከእሳቸው ነው፤ እሳቸው ቆመው «እንዲህ ነው» ሲሉ፣ ከእሳቸው የተማረችውን ይዛ ከእሳቸው ጋር መከራከር አልሆነላትም። የሞኝነት ዓይነት ነው። የሚሠሩት ግን የሞኝ ልብ ያላቸው ሰዎች አይደሉም፤ የሚያምኑ ሰዎች ናቸው።

ፈረመች።

7.

ጳጉሜን ሦስት። ወይዘሮ ዘርፌ የሚባሉ ሴት መጡ። የዚያ ድርጅት የወጥ ቤት ኃላፊ ናቸው፤ ሃያ ዓመት የሠርግ ወጥ ሠርተዋል፤ ክንዳቸው እንደ ወንድ ክንድ ነው። አንድ ድስት በሻሽ ጠቅልለው በእጃቸው አንጠልጥለዋል። የውብዓለም ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡትና ሳይቀመጡ ጀመሩ።

«እናት፣ ይቺን ወረቀት የፈረምሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ። ምን ልታዘዝ?»

«ቀሪውን ድስት ላመጣ ቀላጮቹ ሰፈር ሄጄ ነበር። የመኪና ባትሪ ይፈልጣሉ። ከሆዱ የሚወጣውን ግራጫ ነገር ከአልሙኒየሙ ጋር አንድ ላይ እቶን ውስጥ ይከቱታል። በዓይኔ ነው ያየሁት። ምንድን ነው ይሄ ብላቸው እንዲወፍርልን ነው አሉኝ።»

«ባትሪ?»

«ባትሪ። እኔ ያልተማርኩ ሴት ነኝ፣ ማሽን አላውቅም። አንድ ነገር ልጠይቅሽና ልሂድ። እርሳስ አልተገኘም ብለሻል። ፈልገሽ ነው ያጣሽው ወይስ ሳትፈልጊ? እኔ ወጥ ሳልቀምስ ጨው የለውም አልልም።»

ሴትዮዋ ድስቱን ትተውላት ሄዱ። በር ላይ ሲደርሱ ግን ዞር ብለው፣ «የመጡትን ድስቶች ቆልፌባቸዋለሁ፤ ቁልፉም እዚህ ነው» አሉና ጡታቸውን መታ መታ አደረጉ።

8.

ቅንብር

ናሙና፦ የአልሙኒየም ድስት፣ ያው ስድስት ቁራጭ
የተጠየቀው፦ እርሳስ
ኃይል፦ 40 ኪሎቮልት
ጊዜ፦ 300 ሰከንድ
ውጤት፦



አለ።



ከሚሊዮን እጅ ሁለት ሺህ አንድ መቶ ገደማ። ስድስቱም ላይ። ማሽኑ መስመሩን እየሳለ ሲወጣ ውብዓለም እጇን አፏ ላይ ጭና አምስቱን ደቂቃ ቆማ አየችው። መጀመሪያ የመጣባት ሐሳብ ስለ ጋሽ ሉልሰገድ ነበር፤ «አርጅተዋል፤ ተሳስተዋል፤ እንዴት ብዬ ነው የምነግራቸው» አለች። አዘነችላቸው። ይህን ልብ በሉልኝ። በራሷ ስም ላይ ሞት እየመጣ እሷ የምታዝነው ለእሳቸው ነበር።

9.

ማሽን ደግሞ አንድ ጠባይ አለው። የለካውን ሁሉ ያስቀምጣል። ማን እንደ ለካው፣ መቼ፣ በምን ቅንብር። ውብዓለም አልሙኒየም ከዚህ በፊት በአርባ ተለክቶ እንደሆነ ልታይ፣ የመያዣው ነገር እውነት እንደሆነ ልታረጋግጥ፣ ማለትም እሳቸውን ነጻ ልታወጣ መዝገቡን ወደ ኋላ አገላበጠች። የሐምሌ የለም። የነሐሴ መጀመሪያ የለም። ከዚያ፦

መዝገብ ቁጥር 3117
ቀን፦ ዓርብ፣ ከሰዓት በኋላ
የናሙናው ስም፦ ሙከራ
ኃይል፦ 40 ኪሎቮልት
ጊዜ፦ 300 ሰከንድ
አልሙኒየም፦ 88.6 ከመቶ
እርሳስ፦ 2,140 ከሚሊዮን
የለካው፦ ሉልሰገድ

ዓርብ። ከዚያች ሰኞ ሦስት ቀን በፊት ነው። ዓርብ ከሰዓት ውብዓለም ለቅሶ ሄዳ ነበር፤ «ሂጂ፣ እኔ አለሁ» ብለው የሸኟት እሳቸው ናቸው። ማለትም ለክተውታል። በትክክለኛው ቅንብር፣ በትክክለኛው ጊዜ፣ ራሳቸው እንዳስተማሩት አድርገው። አይተውታል። ከዚያ ሰኞ ሽምብራ ይዘው መጡ።

እያወቁ አሥር አድርጊው ብለዋታል።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። ውብዓለም ወንበር ላይ ቁጭ አለችና፣ ስታለቅስ ድምፅ እንዳይወጣት የጋዋኗን እጅጌ ነከሰች። ከዚያ ገጹን አተመችው።

10. (የተቀደደ)

እዚህ ቦታ ላይ ሌላ ቁራጭ ነበረ። ጋሽ ሉልሰገድ ተንበርክከው ይቅርታ የሚሉበት፣ እሷም የምታነሣቸው፣ ሁለቱም የሚያለቅሱበት። ጽፌው ነበር። ሁለት ሰው አንብቦልኝ ሁለቱም ወደደው። ቀደድኩት፤ እንዲህ አልሆነማ።

11.

ናሙና ማለስለሻ ክፍል። መስከረም ሁለት፣ ጋሽ ሉልሰገድ ከፈቃድ የተመለሱበት ቀን። ገና እንዳዩዋት ፊቷ ላይ አንብበዋል። በሩን ዘግተው የማለስለሻውን ማሽን አበሩት፤ ሲዞር ይጮኻል፤ ውጭ ያለ ሰው አይሰማም። የተናገሩትን ቃል በቃል አስቀምጣለሁ።

ውብዓለም፦ ዓርብ ለክተውታል። ከማሽኑ መዝገብ አትሜዋለሁ።

ሉልሰገድ፦ ለክቼዋለሁ።

ውብዓለም፦ እርሳሱን አይተዋል።

ሉልሰገድ፦ አይቻለሁ።

ውብዓለም፦ ታዲያ ሰኞ ምን ነካዎት?

ሉልሰገድ፦ ባዘዘው የክርስትና ልጄ ነው። እናቱ መጥታ እግሬ ላይ ወደቀች። ሃያ ስድስት ቀላጭ አለ፤ ሁሉም ልጅ አሳዳጊ ነው። ይሄ ሥራ ካመለጣቸው ማኅበሩ ይበተናል። የሚቀጥለውን በንጹሕ አልሙኒየም እንሠራለን ብሎ በመስቀል ማለልኝ።

ውብዓለም፦ የሚቀጥለውን። እስከዚያ ልጆች በነዚህ ድስቶች ይብሉ?

ሉልሰገድ፦ እኛ በምን በልተን አደግን? ሞትን?

ውብዓለም፦ እሺ፣ ያድርጉት። ያድርጉትና ይፈርሙት። በእኔ እጅ ለምን?

(ማለስለሻው ይዞራል።)

ውብዓለም፦ ጋሼ፣ በእኔ እጅ ለምን?

ሉልሰገድ፦ የእኔ ፊርማ ቢሆን ነገ ዘመዱ ነው ይሉኝ ነበር። ያንቺን ማንም አይጠረጥርም።



ያንቺን ማንም አይጠረጥርም።



እስቲ ይህን ዓረፍተ ነገር ሁለቴ አንብቡት። ምስጋና ይመስላል። አሥራ አራት ዓመት እንደ በግ ቀልበው ያሳደጉት ስም ነው፤ ሲሰባላቸው አረዱት።

ቀጥሎ የተባለው ይህ ነው።

ሉልሰገድ፦ ምን ልታደርጊ ነው?

ውብዓለም፦ ውጤቱን እሽራለሁ። ዛሬውኑ ደብዳቤ እጽፋለሁ።

ሉልሰገድ፦ ጻፊ። ልክ ነሽ፣ ጻፊ። ኮሚቴ መቀመጡ አይቀርም፤ ያኔ ተነሥቼ ያዘዝኳት እኔ ነኝ ብዬ በአፌ እናገራለሁ። ያቺን ያተምሻትን ወረቀት ግን ከደብዳቤው ጋር አታያይዣት።

ውብዓለም፦ ለምን?

ሉልሰገድ፦ ሰው ጥፋቱን ራሱ ሲናገርና ተይዞ ሲናገር አንድ አይደለም ውብዬ። ይህቺን ክብር አትንፈጊኝ።

ውብዓለም፦ እሺ።

እሺ!

አሁንም እሺ። እኔ አጠገቧ ብኖር አፏን በእጄ እይዘው ነበር። ግን ፍረዱ፤ ሰው በአንድ ጠዋት አባቱን ሁለት ጊዜ መቅበር አይችልም። የቀረውን ሊያተርፍ ይሞክራል።

12.

ለወጥ ቤት ኃላፊዋና ለድርጅቱ የተላከ።

«ስለ አልሙኒየም ድስቶች የሰጠነው ውጤት በተሳሳተ ቅንብር የተለካ በመሆኑ ተሽሯል። በድጋሚ ልኬት እርሳስ ተገኝቷል። ድስቶቹ ለምግብ ማብሰያ እንዳይውሉ በጥብቅ እናሳስባለን። ለተፈጠረው ስህተት ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ፊርማው አሁንም የውብዓለም ነው። ብቻዋን።

ስለ ልጆቹ እንዳትሰጉ ልንገራችሁ፤ ከነዚያ ድስቶች አንድም ልጅ አልበላም። የወይዘሮ ዘርፌ ቁልፍ ከላቦራቶሪው ማሽን ቀድሞ ሠርቷል። ማኅበሩም ሥራውን አጣ፤ ባዘዘው ላቦራቶሪው በር ላይ መጥቶ ተሳድቦ ሄደ፤ የተሳደበውም ውብዓለምን ነው። ከዚህ በኋላ የሚያሰጋው የእሷ ነገር ብቻ ነው። አውቃ የሐሰት ውጤት ሰጥታለች ከተባለ ሥራው ይቀራል፣ ሌላ ላቦራቶሪም አይቀጥራትም፣ ጉዳዩም ወደ ፖሊስ ይሄዳል። ሰው ደግሞ ማለቱን ጀምሯል። ሻይ ክበብ ስትገባ ወሬ ይቋረጥ ጀመር። «ስንት ሰጧት ይሆን?» ያለ ሰው እንዳለ ጽዳት ሠራተኛዋ ነግራታለች፤ የተባለው ነገር ስላናደዳት ነበር የነገረቻት።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

13.

የኮሚቴ ስብሰባ። ኅዳር ስምንት፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት። ሰብሳቢው ሥራ አስኪያጁ ዶክተር መርዕድ ናቸው። አጠገባቸው የሰው ኃይል ኃላፊዋ ወይዘሮ ፀዳለ ተቀምጠዋል። ጥግ ላይ ቃለ ጉባኤ የምትይዘው የሺ አለች። ከቃለ ጉባኤው እንደወረደ፦

ሰብሳቢ፦ ወይዘሮ ውብዓለም፣ አሥር ኪሎቮልትን የመረጠ ማነው?

ውብዓለም፦ ማሽኑ ላይ የመረጥኩት እኔ ነኝ። እንድመርጥ ያዘዙኝ ሰው ግን አሉ። እዚህ አሉ። ራሳቸው እናገራለሁ ስላሉኝ ለእሳቸው ትቼዋለሁ።

ሰብሳቢ፦ እዚህ ካለነው ማነው?

ውብዓለም፦ ራሳቸው ይናገሩ።



ሰብሳቢ፦ አቶ ሉልሰገድ፣ የክፍሉ ኃላፊ እርስዎ ነዎት። የሚሉት አለ?

ሉልሰገድ፦ አለኝ። እኔ በዚያ ሳምንት የዓመት ፈቃድ ላይ ነበርኩ። የሰዓት ፊርማ መዝገቡ አለ፤ ይታይ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ እንዳይሆን ነው። ውብዓለም ጎበዝ ባለሙያ ናት፤ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ሰው ግን ይደክማል፣ ይሳሳታል። ልጆች አሏት። ኮሚቴው ቅጣቱን እንዲያቀልላት በትሕትና እለምናለሁ።

ፀዳለ፦ መዝገቡን አይተነዋል። ያን ሰኞ የእርሳቸው ፊርማ የለም።

14.

እስካሁን አንቱ ስላቸው መጥቻለሁ። ከዚህ በኋላ አፌ እምቢ አለኝ፤ አንባቢ ይፍረደኝ።

ሉልሰገድ ያን ሰኞ አልፈረመም። በፈቃዱ ቀን ነበር የመጣው፤ ስለዚህ መዝገቡ ላይ የለም፤ ስለዚህ አልመጣም። ዘበኛው? ዘበኛው በጥቅምት ተቀይሯል። ሽምብራው ተበልቷል። ውብዓለም ወንበሯ ላይ ሆና ይህ ሁሉ አንድ በአንድ ሲገጣጠም ታያት። ዓርብ ለለቅሶ የሸኛት፣ ሰኞን የመረጠ፣ ጃንጥላውን እንኳ ውጭ ሳይሆን ውስጥ ያስቀመጠ። ሊያግዛት መምጣቱ ልቧን ያሞቀው ያ ጠዋት፣ ከመጀመሪያው ለዚህች ደቂቃ የተዘጋጀ ነበር። አሁን ደግሞ ይለምንላታል። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ሲባል ብዙ ጊዜ ሰምታለች፤ ጅራፉ እንደዚህ በሐዘን ድምፅ ሲጮኽ ግን አይታ አታውቅም።

ከድርጊቱ ይልቅ ልመናው አመማት። ሌላውን ሁሉ ለባዘዘው ብሎ አደረገው ልትል ትችል ነበር። ልመናው ግን ለራሱ ነው።

ምን ተሰማት? አልተናደደችም፤ ንዴት በኋላ ይመጣል። አፈረች። የተካደ ሰው ለምን እንደሚያፍር አላውቅም። ግን ያፍራል።

15.

ሰብሳቢው እንዲህ አሉ፦ «ወይዘሮ ውብዓለም፣ የሚጨምሩት ካለ አሁን ነው። ከዚህ በኋላ ቃለ ጉባኤው ይዘጋና ውሳኔ እንሰጣለን።»

ውብዓለም ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ከፈተችው። ከልጇ የክትባት ካርድ ሥር አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አለ። ቃሏን ጠብቃ ከደብዳቤው ጋር አላያያዘችውም፤ ግን አልቀደደችውምም። ለምን እንዳልቀደደችው ብትጠየቅ አታውቀውም። አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ አልዘረጋችውም፤ መዳፏን ጫነችበት። በስሱ ወረቀት ጀርባ በኩል ቁጥሩ ይታያል።

ሉልሰገድ አየው። ሠላሳ ዓመት ቁጥር ያነበበ ዓይን ነው፤ ከተገላቢጦሹም ያነባል። ፊቱ ላይ ያለው ደም ሲወርድ ውብዓለም አየች፤ እጁ ብርጭቆ ፈለገና ሳያገኘው ቀረ። በድንገት ሽማግሌ ሆነ። ወደ እሷ ዘንበል ብሎ፣ ከእሷ በቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ፣

«ውብዬ፣ ለጡረታዬ ሦስት ወር ነው የቀረኝ። ካወጣሽው በሰንሰለት ነው የሚወስዱኝ» አለ።

ሰብሳቢው፦ «ወረቀቷ ለእኛ ናት?»



የሺ እስክሪብቶዋን እንዳነሣች ትጠብቃለች። የሺ ለማንም አታዳላም፤ የተባለውን ትጽፋለች፣ ያልተባለውን አትጽፍም። መስመሩን አሰምራ፣ ስሙን ጽፋ፣ ሁለት ነጥብ አድርጋ ጨርሳለች።

«እህቴ፣ ምን ብዬ ልጻፍ?» አለች።

16.

ውብዓለም፦